የእናቴን ቴሌቪዥን በምን ልተካው?

ጥያቄ (ከፍኖተ ሰላም)፦
ጀርባው እንደ ጎተራ ያበጠው ባለ 21 ኢንች ቴሌቪዥናችን ድምፅ እንጂ ምስል አልሰጥ ብሏል። እናቴ ቅዳሴና ዜና ካየች ይበቃታል። ባለ 55 ኢንች ካልሆነ የሚለው ወንድሜ ነው፤ ከፋዩ ግን እኔ። ከመደቡ እስከ ግድግዳው ሁለት ሜትር ተኩል ቢሆን ነው። መብራቱም ሲሻው ይጨምራል፣ ሲሻው ይቀንሳል። ምን ልግዛ?

መልስ (ከባሕር ዳር)፦
ለዚያ ርቀት ባለ 43 ኢንች በቂ ነው፤ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን 109 ሴንቲ ሜትር ገደማ ማለት ነው። ፎር ኬ (እጅግ ጥርት ያለ ምስል የሚያሳይ) ስለተባለ ብቻ ገንዘብ አይጨምሩ። ሪሲቨሩ የሚልከው ምስል ደብዛዛ ከሆነ ትልቅ ስክሪን ጉድለቱን ያጎላዋል እንጂ አይሸፍነውም።

መልስ (ከደብረ ማርቆስ)፦
ጠጋኝ ነኝ። ሪሲቨርዎ ቢጫ፣ ነጭና ቀይ ገመድ ብቻ የሚቀበል ከሆነ ሳይከፍሉ የአዲሱን ቴሌቪዥን ጀርባ ይመልከቱ፤ አንዳንዱ ኤችዲኤምአይ (ምስልና ድምፅን በአንድ ገመድ የሚቀበል መሰኪያ) ብቻ ነው ያለው። ከስክሪኑ ስፋት ይልቅ የመብራቱን መጨመርና መቀነስ ለሚያስተካክለው ስታቢላይዘር ያውጡ። አሮጌውን ደግሞ ራስዎ እንዳይፈቱት! ከሶኬት ተነቅሎም አደገኛ ኤሌክትሪክ ሊይዝ ይችላል።

ጠያቂው፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሪሲቨሩ ኤችዲኤምአይ አለው። ባለ 43 ከነስታቢላይዘሩ እገዛለሁ፤ ወንድሜ ልዩነቱን ከከፈለ 55 ይሁንለት ብያለሁ፣ እስካሁን ዝም ብሏል።