ግራይንደርና ብየዳ ላለበት የቤት ወርክሾፕ መጀመሪያ ምን ይገዛ?

ጠያቂ፦ ከቤት ጀርባ ባለች 3 በ4 ሜትር የቆርቆሮ ክፍል የመስኮት ፍርግርግና መደርደሪያ እሠራለሁ። ያለኝ 115 ሚሊሜትር ግራይንደር (በደቂቃ 11,000 ዙር)፣ ኢንቨርተር ብየዳ፣ ትራፓን (መብሻ ማሽን) እና ሞርሳ (ብረት ማሰሪያ) ነው። የግራይንደሩ ሽፋን ወልቋል፤ አንዳንዴ ባለ 180 ዲስክ፣ ለጣውላ ደግሞ ጥርስ ያለው ዲስክ እገጥምበታለሁ። ስበይድ የማራዘሚያው ገመድ ይግላል። ትልቁን 230 ግራይንደር ልግዛ ወይስ የሚቀድም አለ?

ብረት ሠሪ፦ ወንድሜ፣ 230ውን ለጊዜው ተወውና ዛሬውኑ 180ውን ዲስክ አውርድ። ዲስኩ ላይ የተጻፈውን አንብበው፦ የዙር ጣሪያው 8,500 ገደማ ነው፣ ያንተ ማሽን ግን 11,000 ይዞራል። በዚህ ፍጥነት ጠርዙ በሰከንድ 104 ሜትር ገደማ ይሮጣል፤ የተሠራው ለ80 ሜትር ነው። የዲስኩን ቅንጣቶች አጣብቆ የያዘው ሙጫ አይችለውም፣ ይፈነዳል። ሽፋን ስለሌለ ደግሞ ስብርባሪው የሚመጣው ወደ ፊትህና አንገትህ ነው። 115 ዲስክ ላይ 13,300 ተጽፎ ታገኛለህ፣ ለማሽንህ የሚሆነው እሱ ነው።

ሽፋን ልትገዛ ስትሄድ ግራይንደሩን ይዘህ ሂድ፤ የአንገቱ ውፍረት ከማሽን ማሽን ይለያያል። ካልገጠመ በሽቦ አስረህ አትጠቀም። ዲስክ ስትመርጥ መሃሉ ላይ ያለው የብረት ቀለበት ላይ ወርና ዓመት ታትሟል፣ የአገልግሎቱ ማብቂያ ነው። እርጥበት የነካውን ተወው። አዲስ ዲስክ ከገጠምክ በኋላ ፊትህን ዘወር አድርገህ 30 ሰከንድ ባዶውን አሽከርክረው። በቀጭኑ መቁረጫ ጎን በፍጹም አትሞርድ፤ ለመሞረድ 6 ሚሊሜትሩ አለ።

አናጺ፦ ባለ ጥርሱም ይውረድ። ጥርሱ ጣውላውን ሲነክስ ማሽኑ ወደ ራስህ ይወረወራል፣ በአንድ እጅ ከያዝከው አታቆመውም። ለጣውላ ባለ 185 ሚሊሜትር ሰርኩላር ሶ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ክብ የእጅ መጋዝ) ይሻልሃል፤ ዙሩ 5,000 ገደማ ነው፣ የታችኛው ሽፋንም ራሱ ይዘጋል። ትራፓን ስትይዝ የጨርቅ ጓንት አውልቅ፣ መብሻው ክሩን ይዞ ጣትህን ይጠመዝዘዋል።

ኤሌክትሪሻን፦ ገመዱ የሚግለው ስለቀጠነና ምናልባትም ተጠቅልሎ እያለ ስለምትሠራበት ነው። በ2.5 ሚሊሜትር ኤሌክትሮድ (የብየዳ ዘንግ) በ80 አምፒር ስትበይድ ከመስመሩ 15 አምፒር ገደማ ትስባለህ፤ በ3.2 ኤሌክትሮድ ወደ 25 ይጠጋል። ከፓኔሉ ለብየዳው ብቻ ባለ 4 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ከ25 አምፒር ብሬከር ጋር ይሳብልህ። ለሶኬቶቹ 30 ሚሊአምፒር የሊኬጅ ብሬከር (ኤሌክትሪክ ሲያፈተልክ የሚያቋርጥ) አስገባ፣ በየወሩም የመሞከሪያ ቁልፉን ተጫን። የቆርቆሮው ግድግዳ ራሱ ከኧርዝ (ወደ መሬት ከሚወርደው መከላከያ ሽቦ) ጋር መያያዝ አለበት። ኧርዝ ከሌለ ብሬከሩ የሚጥለው ኤሌክትሪኩ በአንተ በኩል ካለፈ በኋላ ነው።

ጠያቂ፦ አመሰግናለሁ፣ 230ው ቀርቷል። አንድ ልጨምር፦ የጋልቫናይዝድ (ዚንክ የተለበጠ) ቧንቧ በበየድኩ ማታ ብርድ ብርድ ይለኛል። ወተት ጠጣ ይሉኛል።

ብረት ሠሪ፦ ወተቱ ሆድህ ነው የሚገባው፣ ጭሱ ግን ሳንባህ ውስጥ ነው። ያ የዚንክ ጭስ ነው፤ ትኩሳቱ ከሰዓታት በኋላ ይነሳና በአንድ ሁለት ቀን ይለቃል። ትንፋሽ ካጠረህ ግን ሳትውል ሳታድር ሐኪም ቤት ሂድ። ከመበየድህ በፊት ከመገጣጠሚያው ግራና ቀኝ 5 ሳንቲሜትር ያህል ዚንኩን ሞርደህ አንሳ፣ አቧራውም ስለሚጎዳ ያኔም ማስክ አድርግ። ሥራውን ከክፍሏ አውጥተህ ነፋሱ ከጎንህ እንዲመጣ ቁም። የጨርቅ ማስክ ጭሱን አይዝም፤ ፒ3 ማጣሪያ (ደቃቅ ብናኝና ጭስ የሚይዘው) የሚገጠምለት፣ አፍና አፍንጫን የሚሸፍን የጎማ ግማሽ ማስክ ግዛ፣ ጢም ካለህ ዙሪያውን ስለሚያስገባ ተላጭ። ለዓይንህ ቁጥር 10 ወይም 11 የብየዳ መስታወት፤ ብየዳው ላይ የሚቀረውን ቅርፊት ስትመታና ብረት ስትቆርጥ ግልጽ መነጽር፣ በላዩ የፊት መከለያ። ቲነርና ቤንዚን ክፍሏ ውስጥ ካለ ከዲስኩ በፊት እሱን አውጣ።