የኩታበሩ ራልስቶኒያ ቲማቲም አልገድልም አለ፣ የኮምቦልቻው ግን ጨረሳቸው

የደሴ ተማሪ፦
ሰላም ጀመዓ፣ ደሴ ሆኜ ማስተርሴን በባክቴሪያ አጠውልግ (ራልስቶኒያ የሚባለው ባክቴሪያ ድንችና ቲማቲም የሚያጠወልግበት በሽታ) ላይ እየሠራሁ ነው። ሁለት ኢሶሌት (ከታመመ ተክል ለይቼ ያሳደግኩት ባክቴሪያ) አለኝ፣ አንዱን በመስከረም ከኩታበር ድንች ላይ የወሰድኩት ሌላውን ባለፈው ወር ኮምቦልቻ ቦርከና ዳር በመስኖ ከሚለማ ቲማቲም ያመጣሁት። የሁለቱንም ግንድ ቆርጬ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ሳንጠለጥለው ያ እንደ ወተት ክር የሚወርደው ነገር በደንብ ታይቷል። ግን የቲማቲም ችግኝ ላይ ስሞክራቸው የኮምቦልቻው በ8 ቀን ሁሉንም አጠወለጋቸው፣ የኩታበሩ 3 ሳምንት ሆኖት አንድ ቅጠል እንኳን አልጣለም። አማካሪዬ የዘረመል ልዩነት ነው ብለሽ ጻፊው አለኝ፣ እኔ ግን ልቤ አላመነበትም። እስከዚህ ይለያያል እንዴ?

ዕፅዋት ሐኪም፦
መለያየቱስ በጣም ይለያያል እህቴ። ድሮ በሬስ (በሚያጠቃው ተክል) እና በባዮቫር (በሚጠቀማቸው ስኳሮችና አልኮሎች) ነበር የሚከፋፈለው፣ አሁን በዘረመሉ 4 ፋይሎታይፕ (የዘር ሐረግ ምድብ) ነው፣ 1 የእስያ፣ 2 የአሜሪካ፣ 3 የአፍሪካ፣ 4 የኢንዶኔዥያ አካባቢ። በ2014 እ.ኤ.አ. ጭራሽ ለሦስት ዝርያ ተከፍሎ ራልስቶኒያ ሶላናሲያረም የሚለው የድሮ ስሙ ለፋይሎታይፕ 2 ብቻ ቀረ። የደጋ ድንች ላይ የሚታወቀው ከዚሁ ከ2 የሆነው፣ በድሮ አጠራሩ ሬስ 3 ባዮቫር 2 ነው፣ ብርድ ይችላል። ግን እሱም ቲማቲም ይገድላል! ስለዚህ ከመጻፍሽ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ ከመስከረም ጀምሮ በምን አስቀመጥሽው?

የደሴ ተማሪ፦
በየ15 ቀኑ አዲስ የባክቴሪያ ማሳደጊያ ሳህን ላይ እያዛወርኩ ነው የቆየሁት

ዕፅዋት ሐኪም፦
እሱ ነው ያሳሰበኝ። እንደዛ ሲገለባበጥ ፒኤችሲኤ የሚባለው ጂን የተበላሸባቸው ሚውታንቶች ይበዛሉ፣ እነሱ ደግሞ ያንን የሚያዝለገልግ ስኳር ማምረት ያቆማሉ፣ የተክሉን የውሃ መስመር የሚደፍነው እኮ እሱ ነው። ቲዚሲ ሚዲያ (ገዳዩንና የደከመውን በቀለም የሚለይ የባክቴሪያ ማሳደጊያ) ላይ ዘርተሽ እይው፣ ገዳዩ ቅርፁን ያልጠበቀ ፈሰስ ያለ ነጭ ሆኖ መሀሉ ሮዝ ነው፣ የደከመው ትንሽ ድፍን ክብ ጥቁር ቀይ ነው።

የደሴ ተማሪ፦
ወላሂ አሁን ሳህኑን አወጣሁት፣ ሁሉም ትንንሽ ጥቁር ቀይ ናቸው 😭 የኮምቦልቻው ግን ልክ እንዳልከው ነጭ ፈሳሽ ነው። 5 ወር ሙሉ የደከመ ባክቴሪያ ስንከባከብ ነበር ማለት ነው

የኩታበር ገበሬ፦
ልጄ አብሽሪ፣ በሽታው እኛ ጋ ጉልበቱን አላጣም። ዘር ብለን የገዛነው ድንች ሲያዩት ምንም የለበትም ነበር፣ ሲተከልም አማረ፣ ከዛ አበባ ላይ ሲደርስ ቀትር ላይ ይጠወልጋል ማታ ይነሳል፣ ከቀናት በኋላ ጭራሽ ቀረ። ድንቹን ስንቆርጠው ውስጡ ዙሪያውን ቡናማ ቀለበት፣ ጫን ሲሉት ነጭ መግል ይወጣዋል። ያላወጣነው አለ፣ ከፈለግሽ ላምጣልሽ።

ዕፅዋት ሐኪም፦
ብርዱ ነው የሚደብቀው፣ ዘሩ ውስጥ ተኝቶ ይሄዳል። እርስዎም ያን ድንች ለዘር እንዳይሰጡ አደራ። አንቺ ከዛ አዲስ ኢሶሌት አውጪና የተጣራ ውሃ ባለበት ትንሽ ጠርሙስ በክፍል ሙቀት አስቀምጪው፣ ጉልበቱ ለዓመታት ይቆያል። ከዛ ሁለቱንም በሚሊ ሊትር 100 ሚሊዮን ባክቴሪያ አድርገሽ፣ በ28 ዲግሪ፣ ቲማቲምም ድንችም ላይ ሞክሪ። ፒሲአር (ዲኤንኤ አባዝቶ የሚያሳይ ምርመራ) ካገኘሽ 280 ቤዝ የሚረዝም የዲኤንኤ ቁራጭ ሁሉም ያወጣሉ፣ ተጨማሪ 372 ካየሽ ፋይሎታይፕ 2፣ 144 ከሆነ 1፣ 91 ከሆነ 3 ነው። ልዩነት አለ የሚለውን ያኔ ጻፊው።

የደሴ ተማሪ፦
አባቴ አላህ ይስጥልኝ፣ ቅዳሜ መናኸሪያ እጠብቅዎታለሁ፣ ድንቹን በሁለት ፌስታል ጥብቅ አድርገው ይዘውልኝ ይምጡ፣ መንገድ ላይ እንዳይፈስ።