ቁልፉን መጣል አቃተኝ

ሰላም እህት ወንድሞች። ምክር ፈልጌ ነው።

ተወልጄ ያደግኩት ካዛንቺስ ነው። በ2017 ሰፈራችን ለልማት ሲነሳ እኔና እናቴ ገላን ጉራ ገባን። ቤቱ አዲስ ነው፣ ማማረር አልፈልግም። ችግሩ እኔ ጋ ነው።

የድሮው ቤት ቁልፍ አሁንም ቦርሳዬ ውስጥ አለ። በሩ የለም፣ ቤቱ የለም፣ ቁልፉ ግን አለ። የታክሲ ሂሳብ ላወጣ እጄን ስሰድ መጀመሪያ የሚነካኝ እሱ ነው። እናቴ ብታውቅ ትስቅብኛለች። እሷ ገና በሁለተኛው ሳምንት ቡና አፍልታ የፎቁን ሰው ሁሉ ጠራች። እኔ ይኸው እስካሁን የጎረቤቴን ስም እንኳ አላውቅም።

ወር በገባ በ22 አሁንም ታክሲ እየቀያየርኩ ኡራኤል እሄዳለሁ። የንስሐ አባቴ፣ አብርሃም በ75 ዓመቱ የሚሄድበትን ሳያውቅ መውጣቱን አስታወሱኝ። «አንቺ እኮ ቢያንስ አድራሻ ተሰጥቶሻል» አሉኝ። ሳቅኩ። ታክሲ ውስጥ ግን አለቀስኩ።

አሁን የጨነቀኝ እድሩ ነው። የድሮው እድራችን ሰዎች ተበታትነዋል። እዚህ አዲስ እየተቋቋመ ነው፤ እናቴ እንመዝገብ ትላለች። ስሜን ላስጽፍ ሁለቴ ወርጄ ሁለቴ ተመለስኩ። ከተመዘገብኩ የድሮው በቃ ያበቃለት ይመስለኛል። «እግዚአብሔር ያውቃል» እላለሁ፣ ወዲያው ደግሞ ቁልፉን እዳብሳለሁ። ይሄ እምነት ነው ወይስ ማስመሰል?

እንዲህ ያለ ነገር የገጠማችሁ፣ እንዴት ለቀቃችሁ? ቁልፉንስ ምን ላድርገው?