ባዮሎጂ ተምሬ ወደ ማቴሪያል ኢንጂነሪንግ መሻገር እችላለሁ?

የአዘዞው መምህር፦
ሰላም ወገኖች። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ባዮሎጂ ተመርቄ አዘዞ ሁለተኛ ደረጃ ሳስተምር አራተኛ ዓመቴ ነው። ባለፈው ወር አያቴን ከደምቢያ አምጥቼ የዓይን ሞራ አስገፈፍኩላት። በማግስቱ ፋሻው ሲነሳ አየችኝና «ምነው ልጄ፣ ከሳህ?» አለችኝ። ሳምንት ሳይሞላ ምስር ስትለቅም አገኘኋት። ሐኪሙ የደፈረሰውን አውጥቶ በምትኩ የአክሪሊክ ሌንስ እንዳስገባላት ሲነግረኝ ግን እንቅልፍ አጣሁ። ሥጋችን እሾህ ሲገባበት እንኳ ያብጣል፣ ይመግላል። ዓይኗ ይህን ፕላስቲክ እንዴት ዝም አለው? ስለ ነጭ የደም ሕዋሳት እያስተማርኩ ይህን መመለስ አቃተኝ። እንዲህ ያለ ነገር መሥራት መማር እፈልጋለሁ። 28 ዓመቴ ነው። ከባዮሎጂ ተነስቶ ይሆናል ወይስ ከሀ ልጀምር?

ፖሊመር፦
ወንድሜ፣ አንተን እንቅልፍ የነሳህን ነገር ሃሮልድ ሪድሊ የሚባል እንግሊዛዊ የዓይን ሐኪም ቀድሞ አይቶታል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የቆሰሉ አብራሪዎችን ሲያክም፣ የተሰበረው የአውሮፕላን መስኮት ቅንጣት ዓይናቸው ውስጥ ገብቶ ሳያስቆጣ እንደሚቀመጥ አስተዋለ። መስኮቱ አክሪሊክ ነበር፤ አይዝግም፣ በዓይን ፈሳሽ አይሟሟም፣ ብርሃንም ያሳልፋል። በ1949 እ.ኤ.አ. ለንደን ቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል የመጀመሪያውን ሌንስ ተከለ። ባልደረቦቹ ለብዙ ዓመታት ተቃውመውታል፣ እሱ ግን አልተወውም።
ትምህርቱን በተመለከተ፣ ጅማና አዳማ ማቴሪያል ሳይንስና ኢንጂነሪንግ አለ። ከሀ አትጀምርም። የሚጎድልህ ሒሳብና ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ነው፤ ከማመልከትህ በፊት እነሱን አጥና።

የዓይን ክፍል ነርስ፦
መምህር፣ እንኳን እማማ ብርሃናቸው ተመለሰላቸው። አንድ ነገር ልጨምር። ሌንሱ የሚቀመጠው የተፈጥሮው ሌንስ በነበረበት ስስ ከረጢት ውስጥ ነው። እዚያ የቀሩ ሕዋሳት ተራብተው ወደ ኋለኛው ግድግዳ ሲሄዱ፣ ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ እይታው እንደገና የሚደበዝዝባቸው ሰዎች አሉ። የሌንሱ ጠርዝ ክብ ከመሆን ይልቅ ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ሲሆን ግን ሕዋሳቱን ያግዳቸዋል። ይህን ለማወቅ ሕዋስ እንዴት እንደሚራመድ የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል፤ ባዮሎጂዎ ትርፍ ዕቃ አይደለም። እማማም ብዥ ካለባቸው ቶሎ ይዘዋቸው ይምጡ፤ በሌዘር ይጠራል።

የአዘዞው መምህር፦
እግዜር ይስጥልኝ ሁለታችሁንም። ሲስተር፣ ጠርዙን በተመለከተ ያሉኝን ነገ 11ኛ ክፍል ሰሌዳ ላይ እሥለዋለሁ። የኬሚስትሪ መምህራችን ኦርጋኒኩን ቅዳሜ ቅዳሜ ሊያስጠናኝ እሺ ብሎኛል።