የታይዋን የፍቅር ድራማ ለምን እንዲህ ይይዛል? ሌሊቱን ሳይበላስ እንዴት ይታያል?

እመቤት ሪሞት

ሰላም ለቤቱ። የኮሪያውም የቱርኩም ይታያል፣ ይረሳል። የታይዋኑ ግን ካለቀ በኋላ ሳምንት ሙሉ ደረት ላይ ተቀምጦ ይከርማል፤ ማጀቢያ ዘፈኑ በተሰማ ቁጥር ዓይን እንባ ያቀርራል። ሦስት ነገር ልጠይቅ። ከሌላው በተለየ የሚይዘው ምኑ ነው? «አንድ ክፍል ብቻ» ተብሎ ተጀምሮ እንዳይነጋ ምን ይደረግ? «ፌትድ ቱ ላቭ ዩ» ካለቀ በኋላስ ቀጥሎ ምን ቢታይ ይሻላል?

«ድራማ ነው፣ ተይው» የሚል መልስ ይቅርብኝ፤ እሱን ቤት ውስጥም አገኘዋለሁ።

የእሑድ ማታ

እመቤት፣ ጥፋቱ የልብሽ ሳይሆን የአተያዩ ነው።

እነዚህን ድራማዎች በማንዳሪን «ኦውሺያንግጁ» ይሏቸዋል፤ ቃል በቃል ከተረጎምነው «የጣዖት ድራማ» ነው፣ ስሙ ራሱ ያስጠነቅቃል። የተሠሩት በሳምንት አንዴ፣ አብዛኞቹ እሑድ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ እንዲታዩ ነው። «ፌትድ ቱ ላቭ ዩ» ከመጋቢት እስከ ነሐሴ 2008 (በፈረንጆቹ) 24 ክፍል በ24 ሳምንት ወጣ። አንዱ ክፍል ከማስታወቂያው ጋር 90 ደቂቃ የሚይዝ ሲሆን ማስታወቂያው ሲወጣለት ወደ 70 ደቂቃ ይቀራል። ሲደመር 28 ሰዓት ገደማ ነው። ለአምስት ወር ታስቦ የተከፋፈለን እንባ በአራት ሌሊት መጨረስ ማለት ነው እንግዲህ።

ዋናው ነገር ግን ርዝመቱ አይደለም፣ ምልሰቱ ነው። ጸሐፊዎቹ ተመልካች በሰባት ቀን ውስጥ እንደሚረሳ ያውቃሉ። ስለዚህ ያለፈውን ትዕይንት ፍጥነቱን ቀንሰው፣ ያንኑ ዘፈን ከሥሩ አስገብተው ደጋግመው ያሳያሉ። በሳምንት አንዴ ለሚያይ ሰው ይህ ማስታወሻ ነው። በተከታታይ ለሚያይ ግን ከ40 ደቂቃ በፊት ያስለቀሰው ቁስል እንደገና ተነካ ማለት ነው። ይህ ሦስት አራት ጊዜ ከተደጋገመ ምስሉ አያስፈልግም፤ የፒያኖው የመጀመሪያ ድምፅ ብቻውን ሥራውን ይሠራል። ዘፈኑ የሚያስለቅስሽ ለዚህ ነው።

እንግዲህ ማቆሚያው። ሰው ሁሉ ክፍሉ ሲያልቅ ለማቆም ይሞክራል፣ የሚሸነፈውም እዚያው ላይ ነው። የመጨረሻዎቹ አምስት ደቂቃዎች የተሠሩት እንዳይቆም ነው፦ አንዱ በር ከፍቶ ማየት የሌለበትን ያያል፣ ምስሉ ቀጥ ይላል፣ ዘፈኑ ይገባል፣ ወዲያው የሚቀጥለው ሳምንት ቅንጭብ ይከተላል። አልፈሽው ሂጂ። ቀጣዩን ክፍል ክፈቺና ቋጠሮው እስኪፈታ ጠብቂ፤ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች ይፈታል። ከዚያ 15ኛውና 20ኛው ደቂቃ መሃል ላይ ቤተሰብ እራት የሚበላበት ወይ የቢሮ ሰዎች የሚቀልዱበት ልል ቦታ ይመጣል። እዚያ ላይ አቁሚ። በማግስቱም ከዚያው ቀጥይ። አዲስ ቋጠሮ ስላልተቋጠረ ጭንቅላት ነገሩን ይዞ አልጋ ውስጥ አይገባም።

ሁለት ነገር ጨምሪበት። ቀጣዩን ክፍል በራሱ የሚከፍተውን ማስተካከያ አጥፊ። የቀጣዩን ሳምንት ቅንጭብም አትዪ፤ ሆን ተብሎ የሚያሳስት ነው፣ ሳቅ የሆነውን ትዕይንት ልቅሶ አስመስሎ ይቆርጠዋል።

አንዳንድ ቦታ የሚገኘው ቅጂ በ45 ደቂቃ የተቆራረጠው ነው፤ እዚያ 24ቱ ክፍል ሠላሳ ምናምን ይሆናል። «ክፍል 12 ላይ እንዲህ ይሆናል» የሚባባሉ ሰዎች የማይግባቡት በዚህ ነው። የዚህ ቅጂ መቁረጫ የትም ላይ ሊወድቅ ስለሚችል፣ ለዘብ ያለ መጨረሻ ካጋጠመሽ እንደ ዕድል ቁጠሪውና ዝጊ።

ሺኋን እና አይ

በአንደኛው ጥያቄ ላይ የቋንቋውን ልጨምር፤ ብዙ ሰው አያስተውለውም።

ማንዳሪን ሁለት ቃል አለው፦ «ሺኋን» እና «አይ»። ሲጠጋጋ የእኛ መውደድና ማፍቀር ነው። በታይዋን ድራማ ልጁ በመጀመሪያ የሚናገረው አብዛኛውን ጊዜ «ሺኋን» ነው፤ «አይ» እስኪመጣ ክፍሎች ያልፋሉ፣ አንዳንዴም ጨርሶ ሳይባል ይቀራል። ያ መዘግየት ነው ልብ የሚያንጠለጥለው። ችኩል የሆነ የግርጌ ጽሑፍ ግን ሁለቱንም «አፈቅርሻለሁ» ብሎ ይተረጉምና በክፍል 4 ነገሩን ይጨርሰዋል። ከዚያ በኋላ ተዋናዮቹ ለምን እንደሚሽኮረመሙ ግራ ይገባል። ሁለቱን ቃላት በጆሮ መለየት አንድ ምሽት አይፈጅም።

«ኢን ታይም ዊዝ ዩ» የሚባለው ድራማ ራሱ የማንዳሪን ርዕሱ «ምናልባት አላፈቅርሽም ይሆናል» እንደ ማለት ነው፤ እዚያ ውስጥ ያለው ከባዱ ቃል፣ «አይ» ነው። የእንግሊዝኛው ርዕስ ይህን ሁሉ አፍስሶታል።

ሌላው፣ ቻይንኛው ጽሑፍ ብዙ ጊዜ ምስሉ ላይ ታትሞ ስለሚመጣ ሊጠፋ አይችልም። ሁለተኛው ጽሑፍ በላዩ ላይ ሲደረብ አንዱም አይነበብም። የማጫወቻው የጽሑፍ ቦታ ማስተካከያ ካለ አንድ መስመር ከፍ ማድረግ ነው።

ሁለተኛው ልጅ

ከላይ የተባለው ስለ ምልሰት ልክ ነው፤ ግን ለሁሉም አይሠራም። «ሰምደይ ኦር ዋን ደይ» (2019–2020) ውስጥ ምልሰቱ ፍንጭ እንጂ ማስታወሻ አይደለም። ያው ትዕይንት ሲመለስ ከሌላ ሰው ዓይን ነው፣ ትርጉሙም ይለወጣል። ዋክማን፣ ካሴት፣ የዉ ባይ የ1996 ዘፈን «ላስት ዳንስ»፣ ከዚያ በጊዜ ወደ ኋላ፣ ወደ 1998 መውደቅ። 13 ክፍል ነው። ይህን በሳምንት አንዴ ማየት ዓመተ ምህረቱን ያምታታል፣ በአንድ ሌሊት ማየት ደግሞ ማን ማን እንደሆነ ያጠፋል። በቀን አንድ ክፍል ልኩ ነው፤ ከስልክ ርቆ፣ ምክንያቱም ፍንጩ አንዳንዴ የልብስ ወይ የጸጉር ለውጥ ብቻ ነው።

ለእመቤት ግን ከ«ፌትድ ቱ ላቭ ዩ» ቀጥሎ ይህን አልመርጥም። እዚያ የያዘሽ እንቆቅልሽ አይደለም፤ ቼን ሺንዪ ናት። ቢሮው ሁሉ ሥራውን የሚለጥፍባት፣ ሲፈለግ ተለጥፋ ሲጨርሱ እንደምትነቀል ቢጫ ወረቀት የሆነች ልጅ። 20ኛው ክፍል በአማካይ 10.91 የተመልካች ነጥብ አግኝቶ ለዚህ ዓይነት ድራማ በታይዋን ክብረ ወሰን የሰበረው ሀብታሙ ወራሽ ስላማረ ብቻ አይመስለኝም። ሰው ያቺን ወረቀት ያውቃታል።

ስለዚህ «ኢን ታይም ዊዝ ዩ» (2011) ይሁን። 13 ክፍል፣ በ2012 ወርቃማ ደወል በሚባለው የታይዋን የቴሌቪዥን ሽልማት ላይ ሰባት የወሰደ። ቼንግ ዮውቺንግ ሠላሳ ዓመት ሊሞላት ነው፣ ሊ ዳረን ከትምህርት ቤት ጀምሮ ጓደኛዋ ነው፣ ከ35 በፊት ቀድሞ የሚያገባው ማን እንደሆነ ይወራረዳሉ። በዚህ ድራማ ምስሉ ቀጥ ብሎ የሚያስጮህ መጨረሻ ጥቂት ነው፤ የሚይዘው ዝምታው ነው። ስለዚህ ለማቆም ይቀላል፣ ለመርሳት ግን ይከብዳል። አይዋሽም።

የማይመከሩትን ባጭሩ፦ የ2014ቱን የኮሪያ ቅጂ ወዲያው መጀመር (ታሪኩ አንድ ስለሆነ ማወዳደር ብቻ ይሆናል)፣ እና «ሚቴዎር ጋርደን» ብሎ ፈልጎ የ2018ቱን ባለ 49 ክፍል መክፈት። ያኛው የዋናው ቻይና ሥራ ነው። የታይዋኑ የ2001ዱ ነው፤ ባርቢ ሹና ጄሪ ያን ያሉበት፣ ምስሉ የደበዘዘው፣ የዋናው ገጸ ባሕርይ የዳኦ ሚንግ ሲ ጸጉር አናናስ የሚመስለው። ሁለተኛው ምዕራፍ ባርሴሎና ሄዶ የማስታወስ ችሎታ ማጣት ውስጥ ይገባል፤ የመጀመሪያው አልቆ ልብ ከረጋ በኋላ እንጂ በዚያው ሌሊት አይጀመርም።

በ«ፌትድ ቱ ላቭ ዩ» ሁለተኛው አፍቃሪ ለሆነው ለዲላን ያዘኑ ካሉ ደግሞ አብረን ነን።

ጸጥታ

ተዋናዩን የነካ የለም። ድራማው ሲያልቅ ሰው ወዲያው የሚያደርገው የተዋናዮቹን ስም መፈለግ ነው፦ ቃለ ምልልስ፣ ፎቶ፣ «በእውነት ይዋደዱ ነበር?»። ሆርተንና ዎል የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ1956 ይህን የአንድ ወገን ቅርበት ሲጽፉ ስለ ቴሌቪዥንና ሬዲዮ ሰዎች ነበር፤ ያየነው ፊት የሚያውቀን ይመስለናል። ፍለጋው ድራማውን ያራዝመዋል እንጂ አይዘጋውም።

መታየት ካለበት የቀረጻ ስህተቶቹ ይታዩ። አስለቃሹ የዝናብ ትዕይንት ላይ ውኃ የሚረጨው ሰውዬ፣ ሳቋን መቆጣጠር ያቃታት ተዋናይት፣ ከላይ የተንጠለጠለው ማይክ። አሥር ደቂቃ ይበቃል፤ ገጸ ባሕርይውንና ሰውየውን ይለያያቸዋል።

ባርቢ ሹን በተመለከተ ግን የተለየ ነው። የካቲት 2 ቀን 2025 (በፈረንጆቹ) ጃፓን ውስጥ በጉንፋን ሰበብ በተነሣ የሳንባ ምች በ48 ዓመቷ አርፋለች። አሁን በ«ሚቴዎር ጋርደን» የተጫወተቻትን ሻንጻይን እያዩ ማልቀስ ሐዘን ነው፣ በማቆሚያ ደቂቃ አይታከምም።

እመቤት ሪሞት

ሁላችሁም ተባረኩ። ዳረን ይጀመራል፣ በ20ኛው ደቂቃ ይቆማል። አንድ ቀረች፦ የበፊተኛው ዘፈን ከስልክ ይጥፋ?

የእሑድ ማታ

አይጥፋ። ድንገት ታክሲ ውስጥ ቢመጣ ይብሳል። ሰሃን ሲታጠብ፣ ልብስ ሲታጠፍ፣ መብራት በርቶ ይከፈት፤ አሥር አሥራ አምስት ጊዜ ከሰሃን ጋር ከተሰማ የሰሃን ዘፈን ይሆናል። ጨለማ ውስጥ በጆሮ ማዳመጫ ግን አይሁን፣ እሱ ምልሰት ነው።