ምክር ስንሰጥ የራሳችንን ጥቅም የምንናገረው እንዴት ነው?

ጥያቄ፦ ከወልድያ፣ የእጽዋት ጥበቃ ባለሙያ

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦች፤ ለረጅም ጊዜ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ሳገለግል ቆይቼ አሁን በግሌ እየሠራሁ ነው። ባለቤቴ ወልድያ ውስጥ የግብርና ግብዓት መሸጫ አላት፤ ዕቃ ከምትረከብባቸው አስመጪዎች አንዱ ደግሞ በሸጥነው መጠን ኮሚሽን ያስብልናል። በሌላ በኩል ከቆቦና ከጊራና ሸለቆ የሽንኩርት አምራቾችም ሆኑ የልማት ጣቢያ ሠራተኞች እንደ ቀድሞው ይደውሉልኛል፤ የታመመ ቅጠል ፎቶ እየላኩ «ምን መድኃኒት ይሻለዋል?» ይሉኛል። እኔም የማምንበትን እመልሳለሁ፤ የማምንበት መድኃኒት ግን ብዙ ጊዜ ባለቤቴ መደርደሪያ ላይ ያለው ሆኖ ይገኛል።

ጥቅሜን መናገር እንዳለብኝ አልጠራጠርም። የቸገረኝ አነጋገሩ ነው፤ «ሱቅ አለን» ብዬ ስጀምር ሰሚው ማስጠንቀቂያ መሆኑ ቀርቶ ግብዣ ይመስለውና «እንግዲያውስ ነገ እመጣለሁ» ይለኛል። ምን ያህሉን፣ በየትኛው ቦታ፣ በምን ቃል ልናገር?

መልስ፦ ከደሴ፣ ጡረታ የወጣሁ አግሮኖሚስት

ወንድሜ፤ ቦታውን በተመለከተ አልጠራጠርም፤ የመድኃኒቱ ስም ከመጠራቱ በፊት ነው። ምክሩ ካለቀ በኋላ በመጨረሻ የምትወረወር ቃል ሰሚው ልቡን ከሰጠ በኋላ ስለምትደርስ ጥቅም የላትም። ቃሉ ደግሞ ተጨባጭ ይሁን። «ከአስመጪው ጋር ግንኙነት አለኝ» የሚለው ምንም አይነግረውም፤ «ይህ ዕቃ በተሸጠ ቁጥር ለቤቴ ገንዘብ ይገባል» ካሉት ግን ማንም ይረዳዋል። ኮሚሽን ብቻ አይምሰልዎት፤ በዱቤ የተሰጠ ዕቃ፣ ለሠርቶ ማሳያ በነጻ የመጣ ናሙና፣ አስመጪው አበል ከፍሎ የወሰደን ሥልጠና፣ ሁሉም እዚያው ውስጥ ናቸው። በእኛ ዘመን አበሉን ማንም እንደ ጥቅም አይቆጥረውም ነበር፤ እስከ ዛሬም የማይቆጥረው ብዙ ነው።

ግብዣ እንዳይመስል ከፈለጉ የንግድ ስሙን ትተው የንጥረ ነገሩን ስም ይናገሩ። ትሪፕስ ለሚባለው የሽንኩርት ቅጠል ለሚያጠቃ ጥቃቅን ነፍሳት «ስፒኖሳድ ያለበትን» ካሉት ገበሬው መለያ ጽሑፉን አይቶ ከየትም ሱቅ ይገዛዋል።

መልስ፦ ከኮምቦልቻ፣ የግብዓት ጥራት ባለሙያ

ከላይ በተባለው እስማማለሁ፤ ሆኖም ጥቅምን መናገር ብቻውን ምክሩን ያጠራዋል ብለን እንዳንዘናጋ እሰጋለሁ። ዴይሊያን ኬይን፣ ጆርጅ ሎዌንስታይን እና ዶን ሙር በ2005 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት አለ። ተሳታፊዎቹ በሳንቲም የተሞላ ማሰሮ ከርቀት እያዩ ውስጡ ያለውን የገንዘብ መጠን እንዲገምቱ ተደረገ፤ ማሰሮውን ቀርበው የመረመሩ አማካሪዎችም ምክር ሰጧቸው። ገማቾቹ የሚከፈላቸው ግምታቸው ለእውነቱ በቀረበ መጠን ሲሆን፣ ከአማካሪዎቹ ከፊሎቹ ግን የሚከፈላቸው ገማቹ ከፍ አድርጎ ሲገምት ነበር። ይህ ጥቅም ለገማቹ በግልጽ ሲነገር አማካሪዎቹ ይበልጥ አጋነኑ፤ ገማቾቹም ምክሩን ቀነስ አድርገው ቢወስዱትም የቀነሱት ከተጋነነው ያነሰ ነበር። ውጤቱም ጥቅሙ ተደብቆ ከነበረበት ጊዜ ይልቅ ገማቾቹ ተጎዱ፣ አማካሪዎቹ ተጠቀሙ። ተመራማሪዎቹ ከሰጧቸው ማብራሪያዎች አንዱ፣ አማካሪው «ነግሬዋለሁ፤ እንግዲህ የራሱ ጉዳይ ነው» ብሎ ኅሊናውን ያሳርፋል የሚል ነው።

ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ የሚባለው ለሌባ ብቻ አይደለም፤ ቅን ሰውም ሳያውቀው ይቆርሳል። ስለዚህ የእኔ አቋም ጠንከር ያለ ነው፦ ኮሚሽን የሚያገኙበትን ዕቃ በተመለከተ በሽታውን ወይም ተባዩን ይለዩለት፣ ምርጫውን ግን ጥቅም ለሌለው ሌላ ባለሙያ ይተዉለት። ሕጉ እዚህ ላይ አይደርስልንም፤ በፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 መሠረት መድኃኒቱ መመዝገቡ ሕጋዊ ዕቃ መሆኑን እንጂ ከሽያጩ ማን እንደሚጠቀም አይነግረንም።

ጠያቂው

ጥናቱን ስላካፈሉን አመሰግናለሁ፤ መደምደሚያውን ግን ለመቀበል ይቸግረኛል። እኔ «ሌላ ባለሙያ ጠይቅ» ብዬ ስልኩን ብዘጋ ገበሬው ቀጥሎ የሚሄደው ወደ ሌላ ባለሙያ ሳይሆን በገበያ ቀን መድኃኒቱን ያለ መለያ ጽሑፍ እየቀነሰ ወደሚቸረችር ሰው ነው። ያ ሰው ጥቅሙንም አይናገር፣ ትሪፕስንም ከፈንገስ አይለይ።

መልስ፦ ከመርሳ፣ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ

እኔ ምክር ከሚቀበሉት ወገን ስለሆንኩ በዚያው በኩል ልናገር። ሻጭ የሆነ ባለሙያ አይመክረኝ አልልም፤ በወረዳችን እጽዋት ጥበቃን ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ብዙ ስላልሆነ እንዲህ ብል የምጎዳው እኔው ነኝ። የምመዝነው፣ የሚሸጥ ነገር የሌለበትን ምክር ይሰጠኝ እንደሆነ ነው። ባለፈው የመስኖ ወቅት የሽንኩርት ቅጠል ፎቶ የላክሁለት አንድ ባለሙያ ገና ከመጀመሪያው «እኔ የዚህ መድኃኒት ሻጭ ነኝ» አለኝና፣ ቀጥሎ የመሐሉን ቅጠሎች ከአንገታቸው ፈልቅቄ ትሪፕሶቹን እንድቆጥር አዘዘኝ። ከብዙ ተክል ላይ ያገኘሁት ጥቂት ነበር። ቅጠሉ ላይ የነበረው ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ቁስል የፈንገስ በሽታ ስለሆነ ፀረ ነፍሳት መርጨት ገንዘብ ማባከን ነው ብሎ ከለከለኝ። ለፈንገሱ የሚሆን መድኃኒት ሱቁ ውስጥ እንደሌለውም ነገረኝ።

እንግዲህ ከኮምቦልቻ የጻፉልን «ምርጫውን ይተዉ» ከሚሉ ይልቅ፣ ባለሙያው ከራሱ ዕቃ ጎን እሱ የማይሸጠውን ቢያንስ አንድ አማራጭ፣ እንዲሁም ሳይረጩ መቆየት የሚቻል ከሆነ ያንኑ እንዲናገር ብንጠይቅ ይሻላል። አንድን መድኃኒት ብቻ ደጋግሞ መርጨት ትሪፕሱን እንደሚያላምደው እያወቀ ሁልጊዜ ያንኑ ዕቃውን ብቻ የሚያዝዝ ሰው፣ ጥቅሙን መቶ ጊዜ ቢናገርም አላምነውም።

ጠያቂው

ይህ ለእኔም ይሠራል። እንግዲህ የምለው እንዲህ ይሆናል፦ «ይህንን መድኃኒት ባለቤቴ ትሸጠዋለች፤ በተሸጠ ቁጥርም ኮሚሽን እናገኛለን። ይህን አውቀህ ስማኝ፤ እኛ ዘንድ የሌለ፣ ለዚሁ የሚሆን ሌላም አለ፤ ስሙን እነግርሃለሁ።» ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጨምር፦ ለሚያውቀኝ ደንበኛ በየጊዜው መድገም ይኖርብኛል?

መልስ፦ ከደሴ፣ ጡረታ የወጣሁ አግሮኖሚስት

አዎ፣ በየጊዜው። እሱ ቢያውቅም የእርስዎን የድምፅ መልእክት ለጎረቤቱ ያስተላልፈዋል፤ ጎረቤቱም ለአላማጣ ዘመዱ ይልከዋል። ስለዚህ ሱቁን በአንድ መልእክት፣ ምክሩን በሌላ አይላኩ፤ ሁለተኛው ብቻውን ይሄዳልና በአንድ ቅጂ ውስጥ፣ ሱቁን አስቀድመው ይናገሩት።