ጀልባው መንደር ይግባ ወይስ በወንዙ ይለፍ?

የክርክሩ ጥያቄ፦ በሞቃታማ ወንዞች ላይ የሚደረጉ ጉብኝቶች የዱር እንስሳትንም የወንዝ ዳር ሰዎችንም እናሳያለን ይላሉ። ጎብኚ የጫነ ጀልባ መንደር መግባቱ ይከልከል ወይስ ይፈቀድ? (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ሜሮን፦
ጥያቄውን ያነሳሁት እኔ ነኝና አቋሜን ቀድሜ ልናገር። ጀልባ ጎብኚ ይዞ መንደር ይግባ የምለው መንደሩ ራሱ የጉዞው ባለቤት ሲሆን ብቻ ነው። አለዚያ በወንዙ ይለፍ።

ይህን የምለው አማዞን ላይ ካየሁት ተነስቼ ነው። አስጎብኚያችን አንድ መንደር ዳር ጀልባውን አቆመ። ገና ሳንወርድ ከበሮ ተመታ። እኔ ጀልባው ጫፍ ላይ ስለነበርኩ ከቤቶቹ ጀርባ የሚሆነው ይታየኛል። ሴቶቹ ቲሸርታቸውን እያወለቁ የቃጫ ቀሚስ ይታጠቃሉ። አንዷ ቲሸርቷን አጥፋ ግንድ ላይ አስቀመጠች። እንዳይቆሽሽባት ይመስለኛል፣ መጀመሪያ ቅጠል አነጠፈችለት። ከዚያ መጥታ ጨፈረችልን። አንዲት ትንሽ ልጅ ደግሞ ስሎዝ አቅፋ መጣች። ስሎዝ ዛፍ ላይ የሚኖር፣ እንቅስቃሴው እጅግ ዝግ ያለ እንስሳ ነው። ረጃጅም ጥፍሮቹን የልጅቷ ትከሻ ላይ ሰክቷል። እሱን እየተቀባበልን ፎቶ ተነሳን። 25 ደቂቃ ሲሞላ አስጎብኚው አጨበጨበና ወደ ጀልባችን ተመለስን። ከከፈልነው ውስጥ ለመንደሩ ስንት ይደርሰዋል ብዬ ጠየቅኩት። «ጉርሻ ትሰጧቸው የለም እንዴ?» አለኝ።

ዮናስ፦
ሜሮን፣ ስሜትሽ ይገባኛል። ግን ያቺ ሴት ሥራ ላይ ነበረች። ሆቴል ውስጥ የደንብ ልብስ የለበሰ አስተናጋጅ አሳዝኖሽ ያውቃል? ባህሉ የእሷ ነው። ልታሳየውም ልትደብቀውም መብቷ ነው። እኛ ሩቅ ተቀምጠን «አይግባ» ስንል የሰው እንጀራ እየዘጋን ነው።

ደግሞ ጎብኚው ሲቀር ደኑ ዝም ብሎ አይቀመጥም። እንጨት ቆራጩ ይመጣል። ወርቅ ቆፋሪው መርዛማ ሜርኩሪውን ይዞ ይመጣል። ኢኳዶርን ተመልከቱ። በነሐሴ 2023 ሕዝቡ አማዞን ደን ውስጥ ባለው በያሱኒ ብሔራዊ ፓርክ፣ ብሎክ 43 በሚባለው የቁፋሮ ክልል ያለው ነዳጅ መሬት ውስጥ ይቅር ወይ ተብሎ ተጠየቀ። 59 በመቶ ያህሉ ይቅር አለ። ነዳጁ በሚወጣበት በኦሬያና አውራጃ ግን አብላጫው ቁፋሮው ይቀጥል ነው ያለው። ለምን? ሌላ ሥራ ከየት ያምጣ? ደኑን አትንኩ ካልን፣ ደኑ ቆሞ የሚያበላውን ሥራ አብረን መዝጋት የለብንም።

ጋሽ ታደሰ፦
ልጆች፣ ክርክሩ ከገንዘብ አልወጣም። እኔ ዕድሜዬን በጤና ሥራ ነው ያሳለፍኩትና በሽታውን ላንሳ።

ደቡብ ምሥራቅ ፔሩ ውስጥ ናሁዋ የሚባሉ ሕዝቦች አሉ። በ1984 እንጨት ቆራጮች አገኟቸው። ከዚያ በኋላ ባሉት ጥቂት ዓመታት ግማሽ ያህሉ አለቁ። የጨረሳቸው ጥይት አልነበረም፤ ሳልና የሳንባ ሕመም ነው። እኛ አፍንጫችንን ጠርገን የምናልፈው ጉንፋን ለእነሱ ሞት ነው፤ ሰውነታቸው አያውቀውማ። እዚያው አካባቢ በማኑ ብሔራዊ ፓርክ ወንዞች ዳር ማሽኮ ፒሮ የሚባሉት እስከ ዛሬ ከሌላው ሰው ተለይተው ይኖራሉ። የጎብኚ ጀልባዎች ልብስና ምግብ ዳር ላይ እየተዉላቸው ያለፉበት ጊዜ ነበር። ለደግነት ብለው ነው። አንድ የተላበ ሸሚዝ ምን ይዞ እንደሚሄድ ያሰበ ግን የለም። እነዚህ ሰዎች አትምጡብን ያሉት በቀስት ነው። ከዚህ በላይ እንዴት ይናገሩ? እኔ ጨርሶ ይከልከል ባይ ነኝ።

ዮናስ፦
ጋሽ ታደሰ፣ በእነሱ ጉዳይ ከእርስዎ ጋር ነኝ። ወደዚያ ጀልባ ዝር ማለት የለበትም። ግን ተለይቶ የሚኖር ሕዝብና ሞባይል ይዞ ገበያ የሚወጣ መንደርተኛ አንድ አይደሉም። ለአንዱ የሚያስፈልገው ሕግ ሌላውን ሥራ ያስፈታል።

ጋሽ ታደሰ፦
ልዩነቱ አልጠፋኝም ልጄ። ድንበሩን ማን ያስከብራል ነው የምለው። ወንዙ አንድ ነው፤ አንድ ቀን ወደ ላይ ቢቀዘፍ እነሱ ጋ ይደረሳል። «ያልታየ ሕዝብ እናሳይሃለን» ብሎ ብዙ የሚያስከፍል አስጎብኚ ደግሞ አይጠፋም።

ሕይወት፦
ሰው ሰው ትላላችሁ። እንስሳቱስ?

ቦርኒዮ ደሴት ላይ፣ የማሌዥያ ግዛት በሆነችው በሳባህ ያለውን የኪናባታንጋን ወንዝ ልንገራችሁ። 560 ኪሎ ሜትር ርዝመት አለው። ማታ ማታ በጀልባ ስትሄዱ አፍንጫ ረጅሞቹ ጦጣዎች የወንዙ ዳር ዛፎች ላይ ለመተኛት ይሰበሰባሉ። ዝሆን ይታያል፣ አዞ ይታያል፣ ዕድል ከቀናም ኦራንጉታን። ጎብኚው «እንዴት የታደለ ወንዝ ነው!» ብሎ ይመለሳል። እርግጥ ጦጣዎቹ ድሮም ወንዝ ዳር ማደር ይወዳሉ። ነገር ግን እንስሳቱ ያን ያህል ተጨናንቀው የሚታዩበት አንዱ ምክንያት መሄጃ ማጣታቸው ነው። ከኋላቸው ያለው ደን ለፓልም ዘይት ተመንጥሯል። በ2005 የተከለለው መጠለያ 26,000 ሄክታር ያህል ሆኖ እሱም የተቆራረጠ ነው። ቀጭን የደን ጥብጣብ ወንዙን ይዞ ቀርቷል። ይህን የማይናገር አስጎብኚ ሥራውን ግማሽ ነው የሠራው።

አማዞን ላይ ደግሞ ሮዝ ዶልፊን በዓሣ እያባበሉ ለጎብኚ የሚያቀርቡ አሉ። ዶልፊኖቹ በዓሣው ይናከሳሉ፤ ሰውም ይነክሳሉ። በ2023 በብራዚል አማዞን በቴፌ ሐይቅ ውሃው ከ39 ዲግሪ በላይ ሞቆ ከ150 በላይ ዶልፊኖች ሞተዋል። በሙቀት የሚያልቅን እንስሳ ለፎቶ ብለን ማስለመድ ምን የሚሉት ነው? የሜሮን ስሎዝም ያው ነው። በ2017 መጨረሻ ኢንስታግራም ከዱር እንስሳ ጋር የሚነሱ ፎቶዎችን ለሚፈልግ ሰው ማስጠንቀቂያ ማሳየት የጀመረው ወዶ አይደለም። እንስሳ በእጅ መያዝና መመገብ፣ መንደርም ይሁን ሌላ ቦታ፣ ይከልከል። እዚህ ላይ ድርድር የለኝም።

ሜሮን፦
ሕይወት፣ የእንስሳቱን ሙሉ በሙሉ እቀበልሻለሁ። ዮናስ፣ ሁለተኛ ያየሁትን ቦታ ግን ገና አልነገርኩህም፣ ላሳይህ።

ከዚያ ጉዞ በኋላ ያሱኒ ውስጥ፣ ናፖ ወንዝ ዳር ወዳለው አኛንጉ ወደሚባለው የኪቹዋ ተወላጆች ማኅበረሰብ ሄድኩ። ሎጁ የራሳቸው ነው። ትልቁን ወንዝ በሞተር ጀልባ ከሄድን በኋላ ወደ ታንኳ ተዛወርን። ወደ ሐይቃቸው የሚወስደው ጠባብ ገባር ላይ የሚሄደው ሰው የሚቀዝፈው ታንኳ ነው። ውሃው እንደ ቡና ጠቁሯል፤ ቅጠል ነው የሚያጠቁረው። ቀዛፊያችን በየመታጠፊያው መቅዘፊያውን ውሃው ውስጥ ያዝ ያደርግና ያዳምጣል። እኛ ምንም አልሰማንም። እሱ «ከፊት ጦጣ አለ» ይላል፣ ትንሽ ቆይቶ ቅርንጫፉ ይንቀሳቀሳል። ጠዋት ደግሞ በቀቀኖች ገደሉ ላይ ወርደው አፈር ሲበሉ አየን። ጨው ብርቅ በሆነበት አገር አፈሩ ውስጥ ያለውን ሶዲየም ነው የሚፈልጉት። ጭልፊት ጥላ ሲያሳርፍ ሁሉም በአንዴ ተነስተው ሄዱ። ተመልሰው አልመጡም። አስጎብኚዋ የመንደሩ ልጅ ናት፤ «ዛሬ በቃ» አለችን። በቀቀኖቹን ለመመለስ ያደረገችው ነገርም የለም።

ከ20,000 ሄክታር በላይ የሚሆነውን መሬታቸውን አደን አቁመው የሚጠብቁት እነሱ ናቸው። ጭፈራም አለ። ግን ሰዓቱን የሚወስኑት እነሱ ናቸው። አንተ እንዳልከው ሥራ ነው፤ አለቃው ማን እንደሆነ ነው የምጠይቀው።

ዮናስ፦
ይሄ ጥሩ ምሳሌ ነው። ግን በባዶ እጅ ሎጅ አይሠራም። የባንክ ብድር፣ የውጭ ቋንቋ፣ ደንበኛ ማግኘት... ያንን ሁሉ ያላገኘ መንደር እስኪያገኝ ይራብ ነው የምትይኝ?

ሜሮን፦
አይደለም። ፔሩ ውስጥ ታምቦፓታ ወንዝ ላይ ኢንፊየርኖ የሚባል ማኅበረሰብ አለ፤ ኤሴ ኤኻ የሚባሉት ሕዝቦች የሚኖሩበት ነው። በ1996 ከአንድ የጉብኝት ኩባንያ ጋር ለ20 ዓመት ተዋዋሉ። ከትርፉ 60 በመቶ ለማኅበረሰቡ፣ 40 በመቶ ለኩባንያው። ገንዘቡ በብድርና በእርዳታ ተገኘ። ደንበኛውን ኩባንያው አመጣ። መሬቱንና ጉልበቱን እነሱ። ሥራውንም እየተማሩ ሄዱ። ስለዚህ ገንዘብ የለም የሚለው ምክንያት ብቻውን ውሃ አያነሳም። ውል መጻፍ ይቻላል። የእኔ አስጎብኚ ግን ከጉርሻ ሌላ ያሳየኝ ነገር የለም።

ዮናስ፦
በውል ከሆነ እስማማለሁ። ያለ ውል የሚገባ ጀልባ ይቅር። ይከልከል የሚለውን ቃል ግን አሁንም አልወደውም።

ጋሽ ታደሰ፦
አንድ ነገር ልጨምር። በ2020 ኮሮና ሲመጣ ጎብኚ በአንድ ሳምንት ተቋረጠ። ማሳውን ጥሎ በጭፈራ ብቻ የሚተዳደር መንደር በእንዲህ ያለ ቀን ምን ይበላል? ባለቤት ሆኑም አልሆኑ ካሳቫውና ዓሣ ማስገሩ አይተው።

ብሩክ፦
ሁላችሁንም እያነበብኩ ነበር። እኔ በሚቀጥለው ወር ወንዝ ጉብኝት ልሄድ ከፍያለሁ። መርሐ ግብሩ ላይ በሦስተኛው ቀን «ከአካባቢው ሰዎች ጋር ቆይታ፣ 30 ደቂቃ» ይላል። ልሰርዝ?

ሜሮን፦
አትሰርዝ፣ መጀመሪያ ጻፍላቸው። ሦስት ነገር ጠይቅ። ከከፈልኩት ለመንደሩ ስንት ይደርሰዋል? በጽሑፍ የተስማሙበት ነገር አለ? በዚያ ቀን «ዛሬ አትምጡ» ቢሉ ጀልባው ያልፋል ወይ?

ሕይወት፦
አራተኛም አለው። እንስሳ በእጅ ያስይዛሉ ወይ በል።

ጋሽ ታደሰ፦
ካሳለህ ደግሞ ከጀልባው አትውረድ።

ብሩክ፦
አራቱንም ትናንት ጽፌ ላኩላቸው። ጠዋት መልስ ደረሰኝ። «ጉዞዎ ተረጋግጧል፣ ቀለል ያለ ልብስና የፀሐይ ባርኔጣ ይያዙ» ይላል። ስለ መንደሩ አንድም ቃል የለውም። አሁን ደግሜ እየጻፍኩ ነው።